«አይዞሽ፣ ምንም የለሽም» ያላረጋጋት ልጅ፦ የአንድ ሲስትና የተዛባ የወር አበባ ጉዳይ

መነሻ

አዋላጅ ነርስ ነኝ። አዲስ አበባ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ፣ «ለወጣቶች ምቹ» በሚባለው አገልግሎት ክፍል ለዓመታት ሠርቻለሁ። ይህን ጉዳይ የምጽፈው ሕመሙ ብርቅ ሆኖ አይደለም። እንደውም በጣም ተራ ነው። የምጽፈው መጀመሪያ ላይ እኔ ራሴ ስለተሳሳትኩበት ነው።

ልጅቷ እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች። ስሟን አልጠቅስም። ማንነቷን ሊጠቁሙ የሚችሉ ጥቃቅን ነገሮችንም ቀይሬያለሁ።

ልጅቷ

ያኔ 20 ዓመቷ ነበር። ኮሌጅ አካውንቲንግ ትማራለች፤ ከእናቷና ከታናሽ ወንድሟ ጋር ትኖራለች። የወር አበባዋን ያየችው በ14 ዓመቷ፣ በ2011 ዓ.ም. ነው። ከመጀመሪያውም ቀኑን ጠብቆ አያውቅም። አንዳንዴ በ40 ቀን ይመጣል፣ አንዳንዴ በሁለት ወር። እናቷ «እኔም ልጅ ሆኜ እንደዚሁ ነበርኩ፣ ስትወልጂ ይስተካከላል» አሏት። ነገሩ በዚያው ቀረ።

ወደ እኔ ስትመጣ ግን ሁለት የቆዩ ነገሮች አብረዋት መጥተዋል። እነሱን ያወቅኳቸው ዘግይቼ ነው።

አንደኛው አክስቷ ናቸው። ከአራት ዓመት በፊት አርፈዋል። ቤተሰቡ «የማህፀን እጢ» ይላል፤ በኋላ እናትየዋን ስጠይቅ የማህፀን በር ካንሰር ነበር። ለታማሚዋ ግን ማንም አልነገራቸውም። «ጨጓራ ነው፣ አይዞሽ፣ ምንም የለሽም» እየተባሉ ነው ያለፉት። ያኔ 16 ዓመቷ የነበረው ይህቺ ልጅ ሐኪሙ ለአጎቷ የሚለውን በር ላይ ቆማ ሰምታለች። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብታ እንደሌሎቹ «ምንም የለሽም» ብላ ጉንጫቸውን ስማለች።

ሁለተኛው ክትባት ነው። የማህፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት በ2011 ዓ.ም. በአገራችን ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ሲጀምር እሷም ትምህርት ቤት ተከትባለች። ሰፈር ውስጥ «መሃን ያደርጋል» የሚል ወሬ ነበር። ወሬው መሠረት የለውም። ግን ክትባቱም የወር አበባዋም በአንድ ዓመት መጡ፣ የወር አበባው ደግሞ የተዛባ ሆነ። ሁለቱን በልቧ አገናኝታ ለማንም ሳትናገር ስድስት ዓመት ይዛው ኖረች።

ችግሩ እንዴት ጀመረ

ጥቅምት 2017 መጨረሻ ላይ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ሳለ ከእምብርቷ በታች በቀኝ በኩል ወጋት። ጓደኛዋ ደግፋ በአቅራቢያው ወዳለ ክሊኒክ ወሰደቻት። «አግብተሻል?» ተባለች። አላገባሁም አለች። ይህ ጥያቄ በእኛ አገር የግብረ ሥጋ ግንኙነት ጀምረሻል ወይ ለማለት ነው፤ ኮሪደር ላይ ሲጠየቅ ግን እውነቱን የምትናገር ስንት እንደሆነች ይታወቃል። የሷ መልስ እውነት ነበር። ስለዚህ አልትራሳውንዱ በሆድ በኩል እንዲሆን ተወሰነ። ለዚያ ደግሞ ፊኛ መሙላት አለበት። ሁለት ሃይላንድ ውሃ ጠጥታ፣ እግሯን አጣምራ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ተራ ጠበቀች።

ውጤቱ «በቀኝ ኦቫሪ ላይ 4.3 ሴንቲ ሜትር፣ ውሃ ብቻ የያዘ ሲስት» ይላል። ኦቫሪ የሴት እንቁላል የሚያድግበት አካል ነው፤ ሲስት ደግሞ ውሃ የቋጠረ ከረጢት። ባለሙያው ተቻኩሎ ስለነበር በአማርኛ አሳጠረላት። «ትንሽዬ እጢ ነገር አለች። ምንም አይደል፣ አይዞሽ። ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ትታያለሽ።»

ምክሩ ትክክል ነበር። እሷ የሰማችው ግን ሦስት ቃላት ነው፦ እጢ፣ ምንም አይደል፣ አይዞሽ። እነዚህን ቃላት የት እንደምታውቃቸው አንባቢ አይጠፋውም።

ከዚያ በኋላ ባሉት አምስት ሳምንታት ሌላ ሁለት ቦታ አልትራሳውንድ ተነሳች። አንዱ 4.8፣ አንዱ 4.1 አለ። 4.8 ያለ ቀን «አድጓል» ብላ አልተኛችም። 4.1 ሲል ደግሞ «ማሽኑ አሮጌ ነው» አለች። አንድ ላብራቶሪም ሄዳ ሲኤ 125 የሚባለውን፣ ስሙ ከኦቫሪ ካንሰር ጋር የሚነሳውን የደም ምርመራ በራሷ ገንዘብ አሠራች። ከ35 በታች መሆን ሲገባው 41 ሆነ። ደሙን የሰጠችው የወር አበባዋ በመጣ በሁለተኛው ቀን ነበር። የወር አበባ ብቻውን ይህን ቁጥር ከፍ እንደሚያደርገው የነገራት የለም። ለእሷ ዓይነት ሴት፣ ለእሷ ዓይነት ሲስት፣ መጀመሪያውኑ የሚታዘዝ ምርመራ አይደለም።

ሌሊት ደግሞ ሌላ ሥራ ነበራት። በጀርባዋ ተኝታ ቀኝ ሆዷን በሁለት ጣቷ ትጫናለች። «እንዳለ ነው ወይ» ለማለት። ጠዋት ቦታው ያማታል። ሕመሙን እንደ ማስረጃ ትይዘዋለች። ማታ እንደገና ትጫነዋለች።

የመጀመሪያው ቀጠሮና የእኔ ስህተት

ኅዳር መጨረሻ ላይ መጣች። ጭንብል አድርጋለች። ወረቀቶቹን በፕላስቲክ ቦርሳ ይዛ፣ የሦስቱን ቦታ ቁጥር በስልኳ ላይ በሰንጠረዥ ጽፋ ነበር። ወረቀቱን አየሁት። የሚያስፈራ ነገር የለውም። ደስ ብሎኝ «አይዞሽ የኔ እህት፣ ምንም የለሽም፣ አትጨነቂ» አልኳት።

አመሰግናለሁ ብላ ወጣች። ለሦስት ሳምንት አልተመለሰችም።

ስትመለስ ከእናቷ ጋር ነበረች። እናቷ «ሲስተር፣ ልጄ ምግብ አቆመች» አሉ። ልጅቷን ለብቻዋ አስቀርቼ ምን እንደሆነች ጠየቅኳት። ወለሉን እያየች «ለአክስቴም እንደዚህ ነው ያልናት» አለችኝ።

ያን ቀን የተማርኩትን ትምህርት ቤት አላስተማሩኝም። እኛ ጋ ክፉ ዜና ይደበቃል። መርዶ እንኳ በሌሊት፣ ሰው ተሰብስቦ ነው የሚነገረው። ስለዚህ «ምንም የለሽም» የሚለው ቃል ጤነኛም ይባልበታል፣ የሚሞት ሰውም ይባልበታል። ሰሚው የትኛው እንደሆነ የሚለይበት ነገር ከሌለው የሚፈራውን ይመርጣል።

የተደረገው

ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ መስመር በመስመር አነበብንላት። ግድግዳው ቀጭን ነው ይላል። ውስጡ ክፍልፋይ የለውም ይላል። ጠጣር ነገር የለውም ይላል። እያንዳንዱ ለምን እንደተጻፈ ነገርኳት፦ ሐኪም የሚፈራቸው ነገሮች እነዚህ ናቸው፣ አንዳቸውም አንቺ ጋ የሉም።

ከዚያ በካርዱ ጀርባ ላይ ሥዕል ሣልኩ። በየወሩ ኦቫሪ ላይ እንቁላል የያዘች ትንሽ ውሃማ ከረጢት ታድጋለች። ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ ስትሆን ፈንድታ እንቁላሉን ትለቃለች። አንዳንድ ወር ሳትፈነዳ ትቀርና ውሃ እየሞላች ትቀጥላለች። ያቺ ናት ሲስት የተባለችው። «አዲስ ጫማ ሲልጥሽ ውሃ ይቋጥር የለ? የክፉ እጢ ዘመድ አይደለችም» አልኳት። ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ ቀና ብላ ያየችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በመካከላችን «እጢ» የሚለውን ቃል ተውነው፤ «ውሃ የቋጠረችው» ነው የምንላት።

የሦስቱ ቁጥር ልዩነትም ተብራራ። ሲስት እንደ ብርቱካን ድቡልቡል አይደለም። አንዱ ባለሙያ በቁመት፣ ሌላው በአግድም ይለካዋል። ፊኛ ሲሞላና ሲጎድልም ቅርጹ ይቀየራል። በግማሽ ሴንቲ ሜትር መለያየት ማደግ አይባልም።

ወደ ማህፀንና ፅንስ ሐኪም ሪፈር ጻፍኩላት። ሐኪሟ የወር አበባ በምታይ ሴት ላይ እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ያለ፣ ውሃ ብቻ የያዘ ሲስት ብዙውን ጊዜ ክትትልም እንደማያስፈልገው ነገሯት። ስላመማትና ስለፈራች ግን አንድ ቀን ቆረጡላት፦ ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት፣ እዚያው ቦታ፣ አንድ ጊዜ። እስከዚያ ሌላ አልትራሳውንድ የለም። ሌሊት ሆድ መጫንም የለም። ይህን ሁለተኛውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። በአስር ቀን ውስጥ ጠዋት ጠዋት ያማት የነበረው ቀረ።

ቀን ብቻ መስጠት ግን አይበቃም። «ከዚያ በፊት አንድ ነገር ብሆንስ?» ትላለች፣ ልክም ናት። ስለዚህ ቀጠሮ የማይጠበቅላቸውን ነገሮች በትልልቅ ፊደል ጻፍንና ፍሪጅ ላይ ተለጠፈ። በአንድ በኩል ድንገት የሚጀምር ኃይለኛ ሕመም፣ በተለይ ትውከት ካለው። ዓይን ማጨለም ወይም ራስ መሳት። ከሆድ ሕመም ጋር ትኩሳት። በየሰዓቱ ሞዴስ የሚያስቀይር ደም። የመጀመሪያው ኦቫሪው ሲጠመዘዝ የሚመጣ ነው፤ ደም ስለሚቋረጥበት ቶሎ ካልተፈታ ሊበላሽ ይችላል። እናቷ «ሌሊትም ቢሆን?» አሉ። ሌሊትም ቢሆን፣ ታክሲ ተከራይታችሁ ወደ ሆስፒታል።

ደብተሩና ጳጉሜ

የወር አበባዋን በደብተር እንድትመዘግብ ጠየቅኳት። እዚህ ላይ ትንሽ የሚያስቅ ነገር አለ። በራሷ ቆጠራ ነሐሴ 20 መጥቶ መስከረም 25 የመጣው 35 ቀን ነው። ስልኳ ላይ ያለው መተግበሪያ ግን 40 ይላል። «ሰውነቴ ብቻ ሳይሆን ስልኬም ተበላሸ» ብላ ነበር። ስልኩ ልክ ነው። ጳጉሜን ዘልላታለች። ወር ለወር ሲቆጠር አምስቱ ቀን የሚረሳት ሴት ብዙ ናት፤ ሐኪም ቤትም ሲጠየቁ «መስከረም ላይ ቀድሞ መጣ» ይላሉ።

የወር አበባ ከጀመረ ሦስት ዓመት ካለፈ በኋላ ከ21 እስከ 35 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ መምጣት ነው የሚጠበቀው። በዓመት ከስምንት ጊዜ ካነሰ ምክንያቱ ይፈለጋል። የእሷ ባለፈው ዓመት ስድስት ጊዜ ነበር። እንግዲህ ሲስቱ የሚያሳስብ አልነበረም፤ የወር አበባው ግን መታየት ነበረበት። ሁላችንም ዓይናችንን የጣልነው በሲስቱ ላይ ነበር።

ወረንጦው

በሦስተኛው ጉብኝት ጭንብሏን ለምን እንደማታወልቅ ጠየቅኳት። «ልምድ ሆኖብኝ ነው» አለች። ቆይታ አወለቀችው። አገጯ ሥር ቀያይ ነጥቦችና ጥቋቁር ቁርጥራጭ ፀጉሮች አሉ። ቦርሳዋን ከፍታ ወረንጦ አሳየችኝ። ከ17 ዓመቷ ጀምሮ በየጠዋቱ ትነቅላለች። እናቷም አያውቁም። ለሦስት ሐኪም ቤት ሆዷን ስታሳይ አገጯን ግን ለአንዱም አላሳየችም። «ይሄ ከዚያ ጋር ምን አገናኘው?» አለች።

ያገናኘዋል። ከሌላው ሁሉ ይልቅ መልሱን ያመጣው እሱ ነው።

ሐኪሟ የእርግዝና ምርመራ፣ የታይሮይድ፣ የፕሮላክቲን (ጡት ወተት እንዲያመርት የሚያደርግ ሆርሞን)፣ የወንዴ ሆርሞንና የስኳር ምርመራ አዘዙ። የእርግዝናው ምርመራ እናቷ ፊት ሲጠራ ልጅቷ አለቀሰች። ለማንኛዋም ሴት የሚታዘዝ መሆኑን አስቀድመን ብንነግራት ይህ ባልሆነ ነበር። ፕሮላክቲኑ መጀመሪያ ትንሽ ከፍ ብሎ ተገኘ። ሌሊቱን ሳትተኛ አድራ፣ ደረጃ ሮጣ ወጥታ የሰጠችው ደም ነው። ይህ ሆርሞን በጭንቀትም ይጨምራል። ተረጋግታ በድጋሚ ስትሰጥ ልክ ሆነ።

ውጤቱ ፒሲኦኤስ ተባለ፤ ሆርሞን ተዛብቶ እንቁላል በየወሩ የማይወጣበት ችግር ነው። የተዛባ የወር አበባና በወንዴ ሆርሞን የሚመጣ ፀጉር፣ ሁለቱም አሉ። የወር አበባ ከጀመረ ስምንት ዓመት ባልሞላት ልጅ ላይ የአልትራሳውንድ መልክ ለዚህ ምርመራ አይቆጠርም፤ በዚያ ዕድሜ የብዙ ጤነኛ ልጅ ኦቫሪ ያንኑ ይመስላልና። የዓለም ጤና ድርጅት በመውለድ ዕድሜ ካሉ ሴቶች ከ6 እስከ 13 በመቶ የሚሆኑት ይህ እንዳለባቸው ይገምታል፤ አብዛኞቹም እንዳለባቸው አያውቁም።

ስሙ ግን አዲስ መዘዝ አመጣ። «ብዙ ሲስት ያለበት ኦቫሪ» ማለት ነው። ማታ ደወለችልኝ። «ሲስተር፣ አንድ ነበር፣ አሁን በዛ ማለት ነው?» አለችኝ። አይደለም። በዚህ ስም ሲስት የሚባሉት ከ2 እስከ 9 ሚሊ ሜትር የሆኑ፣ አድገው ያልጨረሱ የእንቁላል ከረጢቶች ናቸው። ከ4.3 ሴንቲ ሜትሯ ጋር አይገናኙም። ወደ ካንሰርም አይለወጡም። ይህን ስም ያወጣው ሰው ቢጠየቅ ደስ ይለኛል።

የሠራውና ያልሠራው

ከጥምቀት በኋላ በተያዘው ቀን አልትራሳውንድ ተነሳች። ሲስቱ የለም። ማንም መድኃኒት አልሰጠውም። ጓደኛዋ ያዘዘችላትን የአብሽና የጥቁር አዝሙድ ውሃ ጠጥታ ነበርና «እሱ ነው ያጠፋው» አለች። አልተከራከርኳትም፤ እንዲህ ያለ ሲስት ብዙውን ጊዜ በሁለት ሦስት ወር በራሱ እንደሚጠፋ ግን ደገምኩላት። በሚቀጥለው ጊዜ አብሽ ብላ ሐኪም እንዳታልፍ።

የካቲት ላይ የወር አበባዋ ከቀረ ሦስት ወር አለፈው። ሐኪሟ ለ10 ቀን የሚዋጥ የሆርሞን እንክብል ሰጧት። ጨርሳ በአራተኛው ቀን መጣ። ለወራት ሳይመጣ ሲቀር የማህፀኑ ሽፋን ይከማቻል፣ ዓመታት ሲሄድበት ደግሞ ጥሩ አይደለም። ስለዚህ ቢያንስ በዓመት አራት ጊዜ እንዲመጣ ይፈለጋል።

ከዚያ የወሊድ መከላከያ እንክብል ተጀመረላት፤ የወር አበባውንም ያስተካክላል፣ ለፀጉሩም ይረዳል። ይህ አልሠራም። አንደኛ ያቅለሸልሻታል። ሁለተኛ እናቷ ፍራሽ ሥር አገኙት። «ያላገባች ልጅ!» ብለው እየተንቀጠቀጡ ይዘውት መጡ። «ማህፀኗን ልታደርቁት ነው?» አሉኝ። እንደማያደርቀው፣ ሲቆም የመውለድ ዕድሏን እንደማይቀንሰው ነገርኳቸው። ጨዋ ናቸው፣ አዳመጡኝ። ግን አልተቀበሉም። ልጅቷም ከእናቷ ጋር ከምጣላ አለች። በሐኪሟ ፈቃድ ወደ 10 ቀኑ እንክብል ተመለሰች፤ ሁለት ሦስት ወር ከቀረ ብቻ ትወስዳለች። ለእኔ የወሊድ መከላከያው እንክብል ይሻላት ነበር። ውሳኔው ግን የእሷ ነው።

በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ ሳትቀምስ እየዋለች ልቀንስ አለች። ማታ ዳቦና ፓስታ ነው። ሚዛኑ አልተነቃነቀም፤ ራስ ምታት አተረፈች። ከፋሲካ በኋላ ከእናቷ ጋር ማታ ማታ መራመድ ጀመሩ፣ ለስላሳ መጠጥ አቆመች። 74 ኪሎ ነበረች፤ ከክብደት 5 በመቶ መቀነስ እንኳ የወር አበባን ሊያስተካክል ይችላል፣ ለእሷ አራት ኪሎ ገደማ ማለት ነው። እስከ ነሐሴ ሦስት ቀነሰች።

ፀበልም ሄዳለች። እዚያ ባደረች ቁጥር ጥሩ እንቅልፍ እንደተኛች ነግራኛለች። እንክብሉን እንዳታቋርጥ ብቻ ነው የጠየቅኳት።

«መሃን ነኝ?» የሚለው ጥያቄ በመጨረሻ፣ በር ላይ ቆማ፣ እጀታውን ይዛ ነው የመጣው። ተቀመጪ አልኳት። ፒሲኦኤስ ያለባቸው አብዛኞቹ ሴቶች ይወልዳሉ። እንቁላሉ በየወሩ ስለማይወጣ አንዳንዶቹ ይዘገያሉ፤ እንቁላል የሚያስወጣ እንክብል አለ። «የወር አበባዬ ተዛብቷል፣ አላረግዝም» ብሎ አለመጠንቀቅም ያስጸጽታል። ስለ ክትባቱ የነገረችኝ ያኔ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ የዘጋችው ጉዳይ አሥር ደቂቃ አልፈጀም።

ከዚህ የወሰድኩት

ለሥራ ባልደረቦቼ፦ ወረቀት ላይ «ሲስት» የሚለውን «እጢ» ብላችሁ አትተርጉሙ። «ውሃ የቋጠረ» በሉ፣ ሁሉም ይገባዋል። አይዞሽ ማለት ክልክል አይደለም፤ ግን ከማስረጃው በኋላ ይምጣ። የሌለውን ነገር በስም ጥሩ፣ ቀን ስጡ፣ ምን ሲሆን መምጣት እንዳለባት ጻፉ። እናት ካለች ትውጣ፣ ለአምስት ደቂቃም ቢሆን። ፊትን እዩ።

ለእናቶችና ለእህቶች፦ «ስትወልጂ ይስተካከላል» ለ15 ዓመት ልጅ ምናልባት ይሠራል። ለ20 ዓመቷ ግን ስድስት ዓመት አስጠብቋታል።

ልጃገረዶች ደግሞ ወደ ሐኪም ስትሄዱ የምታፍሩበትን ነገር መጀመሪያ ተናገሩት። ፀጉርም ሆነ ብጉር፣ ክብደትም ሆነ ፍቅረኛ። ሆድ ያመማትን ሁሉም ይመረምራታል፤ ቦርሳዋ ውስጥ ያለውን ወረንጦ ግን እሷ ካላወጣችው የሚያየው የለም።

አሁን

መስከረም 2018 መጨረሻ ላይ ደብተሯን ይዛ መጣች። ከሰኔ ወዲህ ያለ እንክብል መጥቷል፣ አንዱ በ44 ቀን፣ አንዱ በ38። ጭንብል አላደረገችም፤ ወረንጦዋ ግን አሁንም ቦርሳዋ ውስጥ ናት።

የመጨረሻው ገጽ ላይ ነሐሴ 22 እና መስከረም 24 ተጽፈዋል። ጎናቸው 32 የሚል ቁጥር አለ፣ በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዟል። ከላዩ 37 ተብሏል።

«ጳጉሜን ረስቻት» አለችና ሳቀች።